የማይታዘዘው ክንድ፦ ፍሮይድ ለአንድ ሙዚቀኛ የሰጠው አጭር ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1906 ቪየና ይኖር የነበረው ብሩኖ ዋልተር ቀኝ ክንዱ አልታዘዝ አለው። ዋልተር የኦርኬስትራ መሪ ነው፤ ፒያኖም ይጫወታል። እንጀራውም ስሙም ያለው በዚያ ክንድ ላይ ነው። ዕድሜው 30 አካባቢ ሲሆን፣ ከ1901 ጀምሮ የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር በሚመራው የቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ ውስጥ ይሠራ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው እንደ ቁርጥማት ነው። እየቆየ ሕመሙ ጠና። በትር መያዝም ፒያኖ መንካትም አቃተው። ሐኪሞች ከሥራው ጋር የተያያዘ የጡንቻ መኮማተር ነው አሉት። ለእሱ ግን ሽባነት እየጀመረው መሰለው። አንዱን ሐኪም ትቶ ወደ ሌላው ሄደ። ከጭቃ መታጠቢያ እስከ ማግኔት ሕክምና ብዙ ነገር ሞከረ። ያዩት ሐኪሞች ሁሉ ሕመሙ ከመንፈሱ ጋር የተያያዘ ነገር እንዳለው ይስማሙ ነበር። ይህን ማወቁ ግን ክንዱን አላንቀሳቀሰለትም። በመጨረሻ የሳይኮአናሊሲስ (በአእምሮ ውስጥ የተደበቀውን በንግግር እየፈለገ የሚያክም ዘዴ) መሥራች ወደሆነው ዚግመንድ ፍሮይድ ዘንድ ሄደ።

ታሪኩን የምናውቀው ከዋልተር ከራሱ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1946 በወጣው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በጥቂት ገጾች ተርኮታል። ፍሮይድ ጉዳዩን ጽፎ አላሳተመም። በ1951 ሪቻርድ ስቴርባ የተባለ የቪየና ተወላጅ ሳይኮአናሊስት ትረካውን አንስቶ የፍሮይድ አጭር ሕክምና ምሳሌ አድርጎ ተነተነው። ከዚያ ወዲህ በዘርፉ መጻሕፍት ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ የቀጠሮዎቹ ቁጥርም ብዙ ጊዜ 6 ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ እዚህ ያለን የታካሚው ወገን ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ነው፤ ግን እኔ እወደዋለሁ። አብዛኛው የጉዳይ ጥናት በባለሙያው ብዕር የሚጻፍ ነው። ባለሙያው የተናገረውን ብልህ ነገር እንሰማለን፤ ታካሚው ይዞት የሄደው ምን እንደሆነ ግን ብዙም አንሰማም። በዋልተር ትረካ ይህ ይገለበጣል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ አቀራረቡ ትንሽ ልበል። ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው አመለካከት ሰው የሚያደርገውንና የሚሰማውን ነገር ምክንያት ሁሉ አያውቀውም ብሎ ይነሳል። ለራሱ እንኳን የማይነግረው ስሜት አለው። ያ ስሜት ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ጭንቀት ይነሳል። ጭንቀቱን ለማራቅ ደግሞ አእምሮ መከላከያ ያበጃል። መከላከያው ቀልድ ሊሆን ይችላል፣ ዝምታ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ማብዛት ወይም ሌላውን መውቀስ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም የሰውነት ሕመም ይሆናል። ረጅሙ ሳይኮአናሊሲስ ይህን ሁሉ በሳምንት ብዙ ቀን፣ ለዓመታት እየቆፈረ ይሄዳል። አጭሩ ደግሞ አንድ ጉዳይ ይመርጣል፣ እሱን ይይዛል፣ ሌላውን እያወቀ ይተዋል።

ይህ «እያወቀ መተው» ለብዙ አማካሪዎች ከባዱ ክፍል ነው። ሰው ፊትህ ተቀምጦ ስለ አባቱ ሲያወራ፣ ስለ ትዳሩ ሲያወራ፣ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ሁሉም ያጓጓል። ሁሉንም የተከተለ አማካሪ ግን በ12 ቀጠሮ ውስጥ የትም አይደርስም። የዋልተር ጉዳይ ለመማሪያ የሚጠቅመው ለዚህ ይመስለኛል። ፍሮይድ የተወው ነገር ካደረገው ይበልጣል።

ሲሲሊ

ዋልተር ወደ ፍሮይድ ሲሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለ ሰውየው የሚወራውን ስለሚያውቅ በልጅነት ስለነበሩ የወሲብ ነገሮች እንደሚጠየቅ ጠብቋል። ከዚያም በላይ አንድ ፍንጭ ይዞ ነበር። ከዓመት በላይ የሆነው አንድ በደል ደርሶበታል። በደሉ ከክንዱ ሕመም ጋር ሊያያዝ ይችላል ብሎ አስቧል። ፍሮይድን ይህ እንደሚስበው እርግጠኛ ነበር።

ፍሮይድ ክንዱን ባጭሩ መረመረ፤ ታሪኩንም ሰማ። ስለ በደሉ ግን አልጠየቀውም። ሲሲሊ ሄደው ያውቃሉ ወይ አለው። ዋልተር አላውቅም አለ። ፍሮይድ ሲሲሊ በጣም ውብ አገር መሆኗን፣ ከግሪክ ከራሷ ይልቅ የግሪክ መልክ ያላት መሆኗን ነገረው። ከዚያም ዛሬ ማታውኑ ይነሱ፣ ክንድዎንም ኦፔራውንም ይርሱ፣ ለጥቂት ሳምንታት ዓይንዎን ከመጠቀም በቀር ምንም አይሥሩ አለው።

ላይ ላዩን ሲታይ ሰውየው ታካሚውን የሸኘ ይመስላል። የነፍስን ጓዳ ይቆፍራል የተባለ ሐኪም የጉብኝት ወረቀት ያዘዘ ያህል ነው። ግን ቆም ብለን እንየው።

በመጀመሪያ፣ ዋልተር መልሱን ይዞ ነው የመጣው። «በደል ደርሶብኛል፣ ክንዴ የታመመው በዚያ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ። እንዲህ ዓይነት ተገልጋይ ብዙ ያጋጥማል። ያነበበ ነው፣ ያስባል፣ ራሱን ተንትኖ ጨርሷል። ትንታኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ትንታኔው ራሱ መከላከያ መሆን ይችላል። ስለ ስሜቱ ሲያወራ ስሜቱ አይሰማውም። አማካሪው ያንን ፍንጭ ተከትሎ ቢሮጥ ሁለቱ ተያይዘው ደስ የሚል ውይይት ያደርጋሉ፤ ክንዱ ግን እዚያው ይቀራል። ፍሮይድ ሆን ብሎ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ዋልተር አይነግረንም። ውጤቱ ግን ይኸው ነው፦ የተዘጋጀው መልስ የሚያርፍበት ጥያቄ አጣ።

ሁለተኛው ነገር «ዓይንዎን ይጠቀሙ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ዋልተር ወራቱን ያሳለፈው ክንዱን ሲጠብቅ ነው። ዛሬ አመመኝ? ተነሳ? ጣቴ ታጠፈ? እንዲህ ያለ ጥበቃ ሕመምን ይመግባል። ፍሮይድ ጥበቃውን አቁም አላለውም፤ እንደዚያ ቢለው ይብስበት ነበር። ለጥበቃው ሌላ ሥራ ሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ የማልፈው ነገር አለ። ፍሮይድ ሲሲሊን እንዲህ አድርጎ ሲያወድስ ራሱ ገና አላያትም ነበር። የሄደው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ ከባልደረባው ከሻንዶር ፈረንሲ ጋር ነው። ለዋልተር የታዘዘው ጉዞ የፍሮይድ የራሱም ምኞት ነበረ ማለት ነው። የአማካሪው የግል ስሜት ወደ ሥራው ሲገባ ዘርፉ የራሱ ስም አለው፤ ግብረ ሽግግር ይሉታል። በረጅሙ ሕክምና እንዲህ ያለ ነገር ከጊዜ ብዛት ይገለጣል፤ ይታረማልም። በአጭሩ ግን ማረሚያ ጊዜ የለም። አማካሪው ምክር ሊሰጥ አፉን ሲከፍት «ይህ የማን ምኞት ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ዋልተር ሄደ። በጄኖዋ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። ታኦርሚና ያለውን ጥንታዊ የግሪክ ቲያትር አየ፤ ዛሬ አግሪጀንቶ በምትባለው ከተማ ያሉትን ቤተ መቅደሶች አየ። ሲመለስ የጻፈው ነገር ፈገግ ያሰኛል። ጉዞው ለነፍሱና ለአእምሮው ብዙ ጠቅሞታል፤ ለክንዱ ግን አልጠቀመውም።

አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ጉዞ የፍሮይድ ስሕተት አድርጎ ያልፈዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በአጭር ሕክምና ያልሠራ ሙከራ መረጃ ነው። የሐኪሞቹ ግምት ከሥራ የመጣ መኮማተር ነው የሚል ነበር። ጡንቻው የደከመ ቢሆን ኖሮ የሳምንታት ዕረፍት ትንሽ እንኳን ባስተነፈሰው። ሰውየው ታድሶ ተመለሰ፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚህ በኋላ ዕረፍት ላይ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። የቀረው ወደ ሥራው መመለስ ነው።

«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ»

ፍሮይድ ይሂዱና ኦርኬስትራውን ይምሩ አለው። ዋልተር የጻፈው ምልልስ በሐሳቡ እንዲህ ነው።

ክንዴን ማንቀሳቀስ አልችልም እኮ።
እስኪ ይሞክሩ።
መሃል ላይ ማቆም ቢኖርብኝስ?
አያቆሙም።
ዝግጅቱ በእኔ ምክንያት ቢበላሽ፣ ያንን ኃላፊነት መሸከም እችላለሁ?
ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

ይህን ምልልስ ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አካል ነው፦ አልችልም። ሁለተኛው ስለ አጋጣሚ ነው፦ ባቆምስ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ክንዱ የለም። ያለው በሰው ፊት መውደቅ ነው፣ የብዙ ሰዎችን ልፋት ማበላሸት ነው፣ በዚያ መጠየቅ ነው። ዋልተር ሳያስበው የችግሩን እምብርት በራሱ አፍ ተናገረ። ሕመሙ ከሚያስፈራው ይልቅ ጥፋተኛ መሆን ያስፈራዋል።

በአጭር ሳይኮዳይናሚክ ሥራ ዋና ጭብጥ የሚባለው ይህ ነው። አማካሪው ከመጽሐፍ አያመጣውም። ተገልጋዩ ሲገፋ፣ ሲጠየቅ፣ ትንሽ ሲጨነቅ ከአፉ ይወጣል። ፍሮይድ «ለምን ይፈራሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ያ የተዘጋጀው መልስ ተመልሶ በመጣ ነበር። «ይሞክሩ» ሲለው ግን እውነተኛው ፍርሃት ብቅ አለ። ሙከራ ከጥያቄ በላይ የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

ፍሮይድ ራሱ ይህን ሐሳብ በግልጽ የተናገረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1918 ቡዳፔስት በተደረገ ጉባኤ ላይ ስለ ፍርሃት ሕመሞች ሲናገር፣ ትንታኔው ፍርሃቱን እስኪያጠፋ መጠበቅ አይሠራም ብሏል። ከቤት መውጣት የሚፈራ ሰው ወጥቶ ከፍርሃቱ ጋር እንዲታገል መገፋፋት ያስፈልጋል፤ ለትንታኔው የሚጠቅመው ነገር የሚገኘው ያኔ ነው። ለዋልተር ያደረገው ይህንኑ ነው፣ 12 ዓመት ቀድሞ።

አሁን ወደ ኃላፊነቱ እንመለስ። ብዙ ጊዜ ይህ ዓረፍተ ነገር እንደ ማበረታቻ ይነበባል። አይዞህ እንደማለት። እኔ ከዚያ የከበደ ይመስለኛል። አይዞህ የሚል ሰው አደጋውን ለአንተ ትቶ ይሄዳል። ፍሮይድ አደጋውን ራሱ ላይ ጫነ። ዋልተር መድረክ ላይ ሲወጣ ቢወድቅ የሚጠየቀው ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ክንዱ ሊጠብቀው የነበረው ነገር፣ ማለትም ከጥፋተኝነት መዳን፣ በሌላ መንገድ ተጠበቀለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዋልተር በሽታውን አልደበቀም፤ ለሁሉም አሳይቷል። የተደበቀው በሽታው የሚሠራለት ሥራ ነበር፤ ከራሱም ጭምር።

ዛሬ የሚሠራ አማካሪ ይህን እንዳለ መቅዳት የለበትም። አንደኛ፣ የሰውነት ሕመም ይዞ የመጣ ሰው በሐኪም በደንብ ሳይታይ «ያንቀሳቅሱት፣ ምንም አይሆኑም» አይባልም። ዋልተር ብዙ ሐኪም ካዩት በኋላ ነው የመጣው፤ ፍሮይድም ራሱ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ ክንዱን መርምሯል። ሁለተኛ፣ «አያቆሙም» ብሎ ቃል መግባት አደገኛ ነው። ዋልተር ቢያቆም ኖሮ የሚሰበረው በራሱ ላይ ያለው እምነት ብቻ አልነበረም፤ ፍሮይድ ላይ ያለውም ነበር። እኔ ብሆን «ቢያቆሙ ተመልሰው ይምጡ፣ አብረን እናየዋለን» እል ነበር። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ግን መመለሻ በር አለው።

ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች

ለንደን በሚገኘው የታቪስቶክ ክሊኒክ የሠራው ዴቪድ ማላን በአጭር ሕክምና ላይ ትልቅ አሻራ ያኖረ ሰው ነው። ሥራው ማይክል ባሊንት በ1950ዎቹ ከጀመረው የባለሙያዎች ስብስብ የተወለደ ነው። ማላን ሁለት ሦስት ማዕዘኖችን አቀናጅቶ አስተማረ። የመጀመሪያው የግጭት ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጫፎቹ መከላከያ፣ ጭንቀትና የተደበቀ ስሜት ናቸው። ሁለተኛው የሰዎች ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጫፎቹ አማካሪው፣ አሁን በሕይወቱ ያሉ ሰዎችና ያለፉት ሰዎች (አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች) ናቸው። የአማካሪው ሥራ በሁለቱ መካከል ድልድይ መሥራት ነው። «እኔ ፊት እንዲህ ሲሰማዎት፣ ከአለቃዎ ጋርም እንዲሁ ነው፣ ከአባትዎ ጋርም እንዲሁ ነበር» የሚል ዓይነት።

የዋልተርን ጉዳይ በዚህ ብናየው፣ የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን ሁለት ጫፎች በግልጽ ይታያሉ። መከላከያው ክንዱ ነው፤ የማይነሳ ክንድ መድረክ ላይ አይወጣም፣ ያልወጣ ደግሞ አይወድቅም። ጭንቀቱ በሰው ፊት ማጥፋትና መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ጫፍ፣ የተደበቀው ስሜት፣ ባዶ ነው። በደል የደረሰበት ሰው ቁጣ ቢኖረው አይገርምም። በትር የሚይዘው ክንድ ደግሞ የሚመታም ክንድ ነው ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። ግን ይህ ግምት ነው። ፍሮይድ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ለዋልተር አልሰጠውም፤ ቢያንስ ዋልተር ያስታወሰው የለም።

ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከነጭራሹ አልተነካም። ፍሮይድ የ50 ዓመት ሰው ነው፤ ስሙ የተሰማ፣ በራሱ የሚተማመን። ወጣቱ ዋልተር ሥራው ሁሉ ከትልልቅ ሰዎች ጥላ ሥር ነበር፤ ማህለር ራሱ ከእነሱ አንዱ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ሲለው ውስጡ ያለው የአባት ቦታ ተነክቷል ብል ብዙ የሳትኩ አይመስለኝም። ስሜት ማሻገር የሚባለው ይህ ነው፤ ለሌላ ሰው የነበረንን ስሜት አማካሪው ላይ ማሳረፍ። ፍሮይድ ስለዚህ ምንም አልተናገረም። ተጠቀመበት እንጂ አልተረጎመውም።

ስለዚህ ጥያቄ ይነሳል። ትርጓሜ የሌለበት፣ ያለፈው ያልተነሳበት፣ ስሜት ማሻገሩ ያልተብራራበት ሕክምና ሳይኮዳይናሚክ ይባላል? «ይህ ምክርና ግፊት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ ይባላል ባይ ነኝ። ሳይኮዳይናሚክ የሚያሰኘው አማካሪው የሚናገረው ሳይሆን የሚያስብበት መንገድ ነው። ፍሮይድ ክንዱ ሥራ እንዳለው ባያስብ ኖሮ ለሥራው ምትክ አያቀርብም ነበር።

ለማነጻጸር የሚመች ሌላ ጉዳይ አለ። በነሐሴ 1910 ራሱ ማህለር በትዳሩ ቀውስ ተይዞ ፍሮይድን ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ አገኘው። ቀጠሮውን ደጋግሞ ሰርዞ ነበር። በመጨረሻ ለ4 ሰዓት ያህል በከተማዋ እየተራመዱ አወሩ። እዚያ ፍሮይድ ተረጎመ፤ የማህለርን ከእናቱ ጋር ያለ ትስስር ከሚስቱ ጋር ካለው ጋር አገናኘለት። አንዱ ሙዚቀኛ ጋ ዝም አለ፣ ሌላው ጋ ተናገረ። ዋልተር ጊዜ ነበረው፤ ሄዶ ሞክሮ መመለስ ይችላል። ማህለር ጋ የነበረው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዘዴው የሚመረጠው እንዲህ ነው፦ ሰውየውንና ያለውን ጊዜ አይቶ።

መርሳት

ዋልተር መድረክ ላይ ወጣ። በቀኝ ክንዱ ትንሽ መራ፣ በግራው መራ፣ አንዳንዴ በጭንቅላቱ መራ። ሙዚቃው ሲወስደው ክንዱን የሚረሳበት ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለፍሮይድ ሲነግረው፣ ፍሮይድ ለዚያ መርሳት ልዩ ትኩረት እንደሰጠው አስተዋለ።

ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ተገልጋይ ሲመለስ ብዙ ነገር ይዞ ነው፦ ሕመም፣ ድካም፣ ሐፍረት፣ ተስፋ መቁረጥ። አማካሪው ከዚያ ሁሉ የትኛውን ያነሳል? መርጦ መስማት ራሱ ዘዴ ነው። ፍሮይድ ካመመው ደቂቃ ይልቅ የረሳውን ደቂቃ አጎላ። ክንዱ ሳይጠበቅ የተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ካለ፣ ክንዱ መንቀሳቀስ ይችላል ማለት ነው። ለዋልተር ይህን በቃል መንገር አላስፈለገም። ዓይኑ እንዲያርፍበት ማድረግ በቃ።

ቀጥሎ የመጣው ስኬት አልነበረም። እንደገና ሞከረ፤ ውጤቱ ተስፋ አስቆራጭ ነበር። ትረካው እዚህ ላይ ሐቀኛ ነው፤ ተአምር አይሸጥም። በዚያው ሰሞን አንድ የ19ኛው መቶ ዘመን ኦስትሪያዊ ሐኪም ስለ ነፍስ አጠባበቅ የጻፈው መጽሐፍ እጁ ገባ፤ በጥልቀት አነበበው። ከዚያም አመራሩን ከክንዱ ድካም ጋር ማስማማት ጀመረ፤ ሙዚቃው ሳይጎዳ። እንዲህ በልፋትና በመተማመን፣ እየተማረና እየረሳ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከትረካው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ግን ቀጥሎ የሚለው ነው። ከተመለሰ በኋላ አንድ ነገር ገባው። በእነዚያ ሳምንታት በሐሳቡ ሙያውን ትቶት ነበር። ለራሱ ሳይናገረው ተሰናብቷል። በተለመደው ትምህርት መጀመሪያ ማስተዋል ይመጣል፣ ለውጥ ይከተላል። ዋልተር ጋ ለውጡ ቀደመ፤ ማስተዋሉ ከኋላ መጣ፣ ማንም ሳይነግረው። የሚገርመው፣ የሕይወት ታሪኩ በወጣበት በዚያው 1946 ቺካጎ ይሠሩ የነበሩት ሳይኮአናሊስቶች ፍራንዝ አሌክሳንደርና ቶማስ ፍሬንች ይህንኑ የሚመስል ሐሳብ አሳትመዋል። ታካሚውን የሚለውጠው ማወቁ ብቻ አይደለም፤ የድሮውን ፍርሃት በአዲስ ሁኔታ፣ በአዲስ ሰው ፊት መኖሩ ነው። የሚያርም የስሜት ተሞክሮ አሉት። በጊዜው ብዙ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም።

ዋልተር ዛሬ ቢመጣ

ሥራው ዛሬ የተሻለ መዋቅር አለው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ረዘም ይላል፤ የሐኪም ምርመራ ተደርጓል ወይ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለ ወይ፣ ሱስ አለ ወይ ይጠየቃል። በማላን መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ከ20 እስከ 30 ቀጠሮ ያስባል። ቦስተን የነበረው ጄምስ ማን በ12 ይወስናል፤ የመጨረሻው ቀን ከመጀመሪያው ይነገራል። ጄምስ ማን ለዚህ ምክንያት አለው። ቀኑ ሲታወቅ መለያየት ከመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ሰው ደግሞ ብዙ ቁስሉ ያለው መለያየት ላይ ነው። እዚያው ቦስተን የሠራው ፒተር ሲፍኒዮስ ጭንቀትን ሆን ብሎ የሚቀሰቅስ ጥያቄ ያበዛል። ሞንትሪያል የነበረው ሀቢብ ዳቫንሉ ደግሞ ከሁሉ ይገፋል፤ ተገልጋዩ ፈገግ ብሎ ስለ በደሉ ቢያወራ «ፈገግ ይላሉ፤ ከፈገግታው በታች ምን አለ?» እያለ አይለቀውም።

ከዋልተር ጋር እኔ ወደ ዳቫንሉ መንገድ አልሄድም ነበር። መከላከያው ሰውነት ውስጥ ለገባ ሰው ቀድሞ መግፋት ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። የመድረኩን ሙከራ እንደ ፍሮይድ አስቀምጣለሁ፤ ክንዱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን አላቆምም። ያኔ በደሉን አነሳለሁ። «ሲመጡ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁዎትም። ያኔ ምን ተሰማዎት?» ብዬ። አየህ፣ ይህ ጥያቄ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። በደሉንም ያነሳል፣ አማካሪውም ሳይሰማው ማለፉን ያነሳል። ተቆጥቶ ከሆነ ቁጣው እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ለእኔ ይነገራል። የግጭቱ ሦስተኛ ጫፍ ያኔ ይሞላል።

ፍሮይድ ይህን አላደረገም። ጎደለ? መልሱ ከሕክምናው በምንጠብቀው ነገር ይወሰናል። ማላን ታካሚዎቹን ከዓመታት በኋላ እየጠራ ማየትን ያጠብቅ ነበር፤ ለውጡ ቆየ ወይ ለማለት። ዋልተር በዚህ በኩል የተለየ ነው። ማህለር ከሞተ በኋላ፣ በ1912 ቪየና ላይ ዘጠነኛ ሲምፎኒውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበው እሱ ነው። ናዚዎች ከጀርመን አስወጡት፤ በኋላ ኦስትሪያንም ለቆ አሜሪካ ገባ። በ1962 በ85 ዓመቱ ሊሞት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኦርኬስትራ ይመራ፣ ይቀርጽም ነበር። ክንዱ ከ50 ዓመት በላይ ሠራለት።

ይህ ውጤት ለሁሉም ሰው አይጠበቅም። ዋልተር ሲመጣ የሚጠብቀው ሥራ ነበረው። ከጭንቀቱ የሚበልጥ የሚወደው ነገር ነበረው። በሁለት ቀጠሮ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ማመን ችሏል፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ማመን ራሱ ችግሩ ለሆነበት ሰው፣ ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት ለተቋረጠበት ሰው፣ አንድ ጭብጥ ለመያዝ እንኳን ሕይወቱ በየአቅጣጫው ለሚፈርስበት ሰው 6 ቀጠሮም 12 ቀጠሮም አይመቸውም። እንዲህ ያለውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ለይቶ ወደ ረጅሙ ሕክምና መላክ የአጭሩ ሥራ አካል ነው።